ሦስተኛው እምቢልታ

ባለፈው ዓመት በአንድ ቅዳሜና እሑድ፣ በሆሳዕና የእምቢልታ ነፊዎች ሲሰበሰቡ እኔም ሄጄ ነበር። እምቢልታ እንደ ዋሽንት የጣት ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ ነፊ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማው የሚሞላው ሦስቱ ሲቀባበሉ ነው። የመጡት ግን ሁለት ሽማግሎች ነበሩ። ሦስተኛው በክረምቱ ዐርፈዋል፤ ድርሻቸውን የተማረ ሰው አልነበረም። ሁለቱ ነፉ፤ የሟቹ ተራ በደረሰ ቍጥር ዝም ይሉ ነበር።

በአየርላንድም በወናፍ የሚነፋው ባለከረጢት ዋሽንት ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ነፊዎቹ በ1968 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ማኅበር አቁመው ወጣቶችን አስተማሩ፤ በ2017 ዩኔስኮ ጥበቡን በሰው ልጅ ቅርስነት መዘገበው።

ልጆቼ ሆይ፤ ከብት በውርስ ያልፋል፤ ጥበብ ግን ካልተማሩት ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ባለሙያ ሽማግሌ በሰፈራችሁ ካሉ፣ በሕይወት ሳሉ ደጃቸውን አንኳኩ።