የደጋ ፀሐይ

ሰው ከስሕተቱ ይማራል ይባላል። እኔ ግን ከስሕተቴ የተማርኩት በሌላ ሰው ቆዳ ላይ ነው።

ጊዜው የ1999 ዓ.ም. ጥር ወር ነበር። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው በደብረ ብርሃን አስተምር ነበር። አንድ ቅዳሜ ከተማሪዎቼ ጋር ለእርከን ሥራ ወጣን። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ ግን አጥንት ዘልቆ የሚገባ ነበር። ከተማሪዎቼ አንዱ ከልደቱ ጀምሮ አልቢኒዝም ያለበት፣ ቆዳውና ጠጉሩ የነጣ ልጅ ነው። ባርኔጣውን ረስቶ ስለ መጣ፣ «መምህር፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ሆኜ ድንጋይ ላቀብል?» ሲል ለመነኝ። እኔም «በዚህ ብርድ ምን ፀሐይ አለ?» ብዬ ወደ ሥራው መለስኩት።

ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ሙቀት ሳይሆን በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር መሆኑን አላወቅሁም ነበር። ይህ ጨረር 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከመቶ 10 እጅ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ደጋው ቢበርድም ፀሐዩ ይፋጃል።

ማታ ልጁ ወደ ተከራየበት ቤት ሄድኩ። ፊቱና አንገቱ በርበሬ መስሎ፣ ክንዱም አብጦ አገኘሁት። አከራዩ እናት በርኅራኄ ቅቤ ሊቀቡት ሲሉ፣ ጎረቤት የሆነች ነርስ ደርሳ «ቅቤው ይቅር እማማ፤ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል» አለቻቸው። ከዚያም ንጹሕ ጨርቅ ቀዝቀዝ ባለ ውኃ እየነከረች ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያህል በተቃጠለው ቆዳ ላይ ደጋግማ አሳረፈችለት፤ ውኃም በብዛት አጠጣችው። ቆዳው ውኃ ቢቋጥር እንዳያፈርጠው፣ ቋጠሮው ሰፊ ቢሆን ወይም ትኩሳት፣ ማስመለስና ራስ ማዞር ቢከተል ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ አስጠነቀቀችው።

ቀጥላም ወደ እኔ ዞራ «እስቲ የእጅዎን ጀርባ ማጅራትዎ ላይ ያድርጉ፤ እርስዎም ተቃጥለዋል» አለችኝ። ጥቁር ቆዳ በፀሐይ አይቃጠልም ብዬ አምን ስለ ነበር ሳቅሁ። እርሷ ግን በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ ባይታይም፣ መጋሉ፣ መጠዝጠዙና ወጠር ማለቱ ምልክት መሆኑን አስረዳችኝ። በአራተኛው ቀን ማጅራቴ ተላጠ።

የእኔው በዚሁ አበቃ። የልጁ ጉዳይ ግን ከዚህ የከበደ ነው። አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ቆዳን ከጨረር የሚከላከለው ሜላኒን የተባለው ቀለም እጅግ ስለሚያንሳቸው፣ መቃጠሉ ሲደጋገም ለቆዳ ካንሰር ይጋለጣሉ። ልጁ ስለ ገዛ ቆዳው ከእኔ ይልቅ ያውቅ ነበር፤ እኔ ግን አልሰማሁትም። ወደ ትምህርቱ ሲመለስ በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት።

ከዚያ ወዲህ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ የውጭ ሥራ ሲኖር፣ አስቀድሜ የምፈልገው ዶማ ሳይሆን ጥላ ነው።