የእማዬ ጣሳ ስንት ግራም ነው?

ጣሳውን የጣልኩት እኔ ነኝ። ከጎፋ ወደ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ነው። ጠርዙ የተጣመመ፣ ቂጡ ወደ ውስጥ የጎደጎደ፣ ጽሑፉ የለቀቀ የጥንት የወተት ዱቄት ጣሳ ነበር። አዲስ ቤት በዝገት አይጀመርም ብዬ ከቆሻሻው ጋር ሸኘሁት።

እማዬ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እና አሁን በምን ልስፈር?» አለችና ዝም። ለእንቁጣጣሽ ድፎ አልደፋችም፤ ዳቦ ከሱቅ ገዛን። እናንተዬ፣ በዓሉ እንዴት እንደጨነቀኝ!

የእሷ ድፎ «ሦስት ጣሳ ዱቄት» ነው። የቀረው ሁሉ «እጅሽን እስኪለቅ» እና «አይተሽ» ነው። ጣሳው ከሌለ ሦስት ምን?

በዚህ መሃል ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ ደወለች። የእማዬን ድፎ ለልጆቿ ልትጋግር ፈልጋለች። «በካፕ ስንት ነው?» አለችኝ። አለቀልኝ።

ከሳሪስ ሚዛን ገዛሁ። እማዬን «ዓይንሽ ጣሳ ሞላ እስኪልሽ ድረስ ሳህኑ ላይ ዱቄት ጨምሪ» አልኳት። «ደግሞ እጄን ልትመዝኚው ነው?» ብላ ሳቀች። ጋዜጠኝነት ስንማር አንድ ምንጭ አይበቃም ተብለናልና ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። 1,040 ግራም፣ 1,010፣ 1,065። ጣሳው የጠፋው ከቤት እንጂ ከእጇ አይደለም። 1,040 ብለን ተስማማን።

የአሜሪካኖቹ ካፕ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ዱቄት ሲሞላበት ወደ 125 ግራም ይመዝናል። አካፍዬ ለአንድ ጣሳ 8 ካፕ ከሲሶ አልኳት። ጋገረች። በማግስቱ ደወለችና «ለበር መደገፊያ ይሆነኛል» አለች።

ጥፋቱ የማን ነው? የአየር ነው። ዱቄት በመሃሉ አየር አለው። በማንኪያ ቀስ ተደርጎ ከተጨመረ 125 ግራም የሚሆነው ካፕ፣ ከረጢቱ ውስጥ ተነክሮ ታጭቆ ከወጣ 150 ይደርሳል። እህቴ ያደረገችው ሁለተኛውን ነው። በ8 ካፕ ከሲሶ ላይ 200 ግራም በላይ ትርፍ ዱቄት ገባ፤ ውኃው ግን ያው ነው። ድንጋይ አይሆን ታዲያ ምን ይሆናል? በዚያው ካፕ ውኃ 240፣ ስኳር 200፣ ማር 340 ግራም ገደማ ይመዝናል። ካፕ የሚነግረን የያዘውን ቦታ እንጂ ክብደቱን አይደለም።

ይህን የገበያ እናቶች ከእኛ በፊት ያውቁታል። እህል በጣሳ ስትገዙ «ነቅነቅ አድርጊው» የምትሉት ለምን ሆነና? ጉብ አድርጋ የምትሰፍር አለች፣ ልክ ጠርዙ ላይ የምታቆም አለች፣ ምራቂ የምትጨምርም አለች። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የምንልበት ቁና ራሱ ከአገር አገር መጠኑ ይለያይ ነበር። አሜሪካዊቷ ፋኒ ፋርመርም እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ የደከመችው ለዚሁ ነው፤ ካፑ ጠርዙ ላይ እኩል ተደርጎ ይለካ ብላ።

እህቴም ሚዛን ገዛች። 1,040 ግራም መዘነች። ሊጡ ግን በእማዬ ሰዓት አልነሳም አለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ሊጥ እዚህ ቶሎ ይነሳል። እዚያ ትንሽ መታገሥ ነው። ታገሠች። የላከችውን ፎቶ እማዬ ለጎረቤት ሁሉ አሳየች።

በቀጣዩ እንቁጣጣሽ እማዬ ድፎ ደፋች። ዱቄቱን በሚዛን ለካሁላት፤ ሦስት ጊዜ 1,040። አየችኝና አንድ እፍኝ ጨመረችበት።

«ይሄስ?» አልኳት።

«ምራቂ» አለች።

እሱን አልመዘንኩትም።