በተዘጋ በር ውስጥ የሚሰማ መዝሙር



በአገልግሎት ዘመኔ ከወጣቶች ደጋግሞ የገጠመኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «እግዚአብሔር ስጦታውን ከሰጠኝ በሩን ለምን ዘጋብኝ?» ቀላል መልስ የለውም። መልስ ለመስጠት የሚቸኩል አገልጋይም ብዙ ጊዜ የጠያቂውን ቁስል ይነካካል እንጂ አያክምም። ዛሬ በዚህ ጉዳይ ላይ የማካፍላችሁን ሐሳብ ከአንዲት ኢትዮጵያዊት ሙዚቀኛ ሕይወት ጋር አያይዤዋለሁ። እኚህም እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። (ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እማሆይ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ መነኩሲት ነበሩ፤ እኔ ደግሞ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነኝ። ስለ ምንኩስና ያለን አስተምህሮ እንደሚለያይ ታውቃላችሁ። ልዩነቱን ለመሸፈንም ሆነ ለመከራከር አልጻፍኩም። እኛ ጎጆ ላይ የጎረቤታችን ገብስ አምሮ ስናይ ቆም ብለን «እግዜር ይባርከው» ብለን እናልፋለን። ማሳው የእኛ አይደለም ብለን ፊታችንን አናዞርም።

እማሆይ በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ የልጅነት ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በልጅነታቸው በፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን እጅ ያደጉና ስዊዘርላንድ ወደሚገኘው የክሪሾና ትምህርት ቤት ተልከው የተማሩ ሰው ስለነበሩ፣ የዚህ ቤተሰብ ታሪክ ለእኛ ለወንጌላውያን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። እህታቸው ስንዱ ገብሩም በ1957 ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። የውብዳር ገና በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ጋር ወደ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ቫዮሊንና ፒያኖ የተማሩት በዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ በሮች መዘጋት ጀመሩ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ሲወር በ1937 ቤተሰቡ ተግዞ ወደ አሲናራ ደሴት፣ ቆይቶም በኔፕልስ አቅራቢያ ወዳለችው መርኮልያኖ ተወሰደ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ወደ ካይሮ ሄደው በፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር በአሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ሥር ተማሩ፤ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይለማመዱ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት! በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ተለማምደን እሑድ መድረክ ላይ ለምንወጣ ይህ ራሱ አንድ ስብከት ነው።

ከዚያም ትልቁ ዕድል መጣ። ለንደን ሄደው ሙዚቃ እንዲማሩ ተፈቀደላቸው። ነገር ግን በአገር ቤት የመውጫ ፈቃድ ተከለከሉ። የተዘጋጁበት ሁሉ በአንድ ቀን ፈረሰ። የውብዳር በሐዘን ምግብ እንቢ ብለው ሆስፒታል ገቡ፤ ሊሞቱም ተቃርበው ቅዱስ ቁርባን ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ልባቸው ወደ እግዚአብሔር ዞረ፤ ወሎ ወዳለው የግሸን ማርያም ገዳም ሄደው መነኮሱ። ጫማ ሳያደርጉ፣ በጭቃ ቤት ውስጥ፣ አሥር ዓመት ኖሩ። ያ ሁሉ ልምምድ ያለ ፒያኖ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን መጽሐፍ ቅዱሳችንን እንክፈት። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16ን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፣ ሰብኬዋለሁም። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት ዓይነት የተዘጋ በር አለ። በመጀመሪያ ጳውሎስና ባልንጀሮቹ ቃሉን በእስያ ለመናገር ሲነሡ መንፈስ ቅዱስ ይከለክላቸዋል፤ ወደ ቢታንያም ሊሄዱ ሲሞክሩ እንዲሁ። ይህን በር የዘጋው እግዚአብሔር ራሱ ነው፤ ወደ መቄዶንያ የመራቸውም በዚሁ መንገድ ነው። ወደ ምዕራፉ መጨረሻ ግን ሌላ በር እናገኛለን፤ የፊልጵስዩስ ወኅኒ በር። እሱን የዘጉት ገቢያቸው የተነካባቸው ሰዎችና ሳይመረምሩ ያስገረፉ ሹማምንት ናቸው። ያ በር የሰው ግፍ ነበር።

ልብ በሉ፤ ጳውሎስ ሁለቱን በሮች በአንድ ስም አልጠራቸውም። በመጀመሪያው ፊት መንገዱን ቀየረ። ከሁለተኛው ግን በስውር ውጡ ሲባል እንቢ አለ፤ ያለ ፍርድ የገረፉን ሰዎች ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። ስለዚህ የተዘጋውን በር ሁሉ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ማለት መንፈሳዊነት አይደለም። እንዲህ ስንል የሰውን በደል በእግዚአብሔር ስም ልናትም እንችላለን። የአሲናራ ግዞት ወረራ ነበር፤ ወረራን በረከት ብዬ መስበክ አልችልም።

ነገር ግን በሁለቱ በሮች መካከል፣ በእኩለ ሌሊት፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ሳለ ጳውሎስና ሲላስ ይዘምሩ ነበር። መዝሙራቸው የበሩን መከፈት አልጠበቀም። በሩን ማን እንደዘጋውም አስቀድሞ አላጣራም። እስረኞቹም ያደምጧቸው ነበር።

ይህን ለምን እንደማነሣ ልንገራችሁ። በማገለግልበት አጥቢያ አንዲት ወጣት አለች፤ ስሟን አልጠራም። ኪቦርድ የተማረችው በራሷ ነው፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም መዝሙር ትጽፋለች። በአንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመማር ተፈትና አለፈች። ከዚያ አንድ ወረቀት ጎድሏል ተባለና ቦታዋ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ወደ ቤቷ ተመለሰች። ቀን ቀን ከእናቷ ጋር ድንች ስትኮተኩት ትውላለች፤ እሑድ የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ኪቦርዱ ጨርቅ እንደለበሰ ከረመ። ሽማግሌዎች ሊያጽናኗት መጥተው «የጌታ ፈቃድ ነው፣ ልጄ» አሏት። እሷ ግን ወደ እኔ መጥታ፣ «ፓስተር፣ በሩን የዘጋው ማነው?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። ግን አብረን እንጠይቅ አልኳት። ሁለት ጊዜ አብሬያት ተመላለስኩ፤ ወረቀቱን አሳየን፣ ጥያቄያችንንም በጽሑፍ አስገባን። ቦታው አልተመለሰም። በመመለሳችን ቀን ጎጆ ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። እሳት ዳር ተቀምጠን ስልኬን አወጣሁና የእማሆይን ድምፅ አሰማኋት።

ያሰማኋት በፒያኖ ብቻ የሚታወቁበትን አልነበረም፤ ራሳቸው ግጥም ጽፈው ራሳቸው የዘፈኑትን ነው። እማሆይ ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት፣ በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ ፊት ተቀምጠው በተራ የካሴት መቅረጫ የቀዱት ነው። አጃቢ ባንድ የለም፣ ስቱዲዮ የለም። የፒያኖው አግዳሚ ሲንቋቋ፣ በመስኮቱ ውጭ ወፎች ሲንጫጩ ይሰማል። የሚዘፍኑት ስለ ስደት፣ ስለ አገር ናፍቆትና ስለ ሐዘን ነው። ከስዊዘርላንድና ከካይሮ የተማሩት ክላሲካል ሙዚቃ፣ ከቅዱስ ያሬድ ዜማና ከአምስት ድምፅ ቅኝታችን ጋር በአንድ ፒያኖ ላይ ተገናኝቷል። ምቱ አይቸኩልም፤ እያሰበ እንደሚናገር ሰው አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ ይፈጥናል። እነዚህ መዝሙሮች በአልበም የወጡት በ2024 ነው። እማሆይ ግን በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ አርፈው ነበር።

ወጣቷ ዝም ብላ አዳመጠች። ሲያልቅ «እንደገና» አለችኝ።

በእነዚያው ዓመታት የእኛም ቤት መዝሙር በካሴት እንደተሸሸገ የሚያስታውሱ አሉ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሯል። እኔ ልጅ ሳለሁ መዝሙር የሚዘመረው በር ተዘግቶ፣ ድምፅ ተቀንሶ ነበር። ዛሬ የድምፅ ማጉያችን ከአምቦ መንገድ ድረስ ሊሰማ ይቃጣዋል። ስለ ነፃነቱ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን አንዳንዴ እጠይቃለሁ፤ ማጉያው ቢጠፋ፣ ካሜራው ቢነሣ፣ የሚዘምር ይቀር ይሆን?

እማሆይ ግሸንን ከለቀቁ በኋላ የሆነውም ይህንኑ ጥያቄ ይመልሳል። ጎንደር የያሬድን ዜማ ሊማሩ በሄዱ ጊዜ የቆሎ ተማሪዎች ምግብ እየለመኑ፣ ውጭ እያደሩ ሲማሩ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ሙዚቃ ግን ነበራቸው። በ1960ዎቹ በጀርመን ሸክላ አሳተሙ፤ ገቢውም ለችግረኞች እንዲውል አደረጉ። ለንደን የተዘጋው ስጦታ ለተራበ ተማሪ እንጀራ ሆነ። በ1980ዎቹ ወደ ኢየሩሳሌም ገዳም ሄደው በጠባብ ክፍል ከፒያኗቸው ጋር ኖሩ። በ2006 ኢትዮጲክስ በተባለው ተከታታይ ሥራቸው ሲወጣ ዓለም አወቃቸው፤ ያኔ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፎ ነበር።

ይህን ታሪክ «ታገሡ፣ በመጨረሻ ትታወቃላችሁ» ለማለት የምትጠቀሙበት ሰባኪዎች ካላችሁ እባካችሁ ተዉት። ብዙ ሰዎች ታገሡ፣ ግን አልታወቁም። ጳውሎስና ሲላስን የሰሙት እስረኞች ስማቸው እንኳ አልተጻፈም። የእማሆይ ዋጋ ዓለም ሲያውቃቸው አልጀመረም፤ ስጦታቸውን ለማን እንደሚያውሉት ባወቁ ጊዜ ግን ፍሬው ታየ።

ወጣቷስ? አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ሰባት ልጆችን ኪቦርድ ታስተምራለች። መብራት ሲጠፋ በጭብጨባ ይለማመዳሉ። ይህ ለእሷ በቂ ነው ብዬ አልጽፍም፤ አሁንም ለመማር ትመኛለች፣ እኔም ከእሷ ጋር መጠየቄን አልተውኩም። በቅርቡ የጻፈችው መዝሙር ግን ጸሎታችን ላይ ብዙ እናቶችን አስለቅሷል።

ወገኖቼ፣ በር ተዘግቶባችሁ ከሆነ በእግዚአብሔር ፊት ሦስት ነገር እንድታደርጉ አሳስባችኋለሁ። በሩን ማን እንደዘጋው ጠይቁ፤ ጌታ ከሆነ መንገድ ቀይሩ። ሰው ከሆነ ደግሞ መብታችሁን በትሕትና ጠይቁ፤ ጳውሎስም ጠይቋል። መልሱ ቢዘገይ ግን ዝማሬያችሁን ከበሩ ጋር አትዝጉት። በአጠገባችሁ የሚያደምጥ እስረኛ አለና።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ ስጦታውን የሰጠኸን አንተ ነህ። በአንተ ፈቃድ የተዘጋውንና በሰው በደል የተዘጋውን የምንለይበት ጥበብ ስጠን። በሌሊትም ቢሆን የምንዘምርበትን ጸጋ አብዛልን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ተባረኩ።