ኤርፖድ ለደከመ ጆሮ

የመስሚያ መሣሪያ ሥራው ድምፅ ማጉላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዋጋው ይህን ያህል ባልናረ ነበር። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ ሁሉንም ድምፅ እኩል አያጣም፤ አስቀድሞ የሚደክመው ቀጫጭን ድምፆችን የሚለየው ክፍል ነው። በንግግር ውስጥ እንደ «ሰ»፣ «ፈ» እና «ተ» ያሉት ሲደበዝዙ ወፈር ያሉት አናባቢዎች ይቀራሉ። «ሠራ» የተባለው «ፈራ» መስሎ ይሰማል። አረጋውያን «ድምፁስ ይሰማኛል፣ የምትሉት ነው የማይገባኝ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። የደከመ ጆሮ ዝቅ ያለውን ድምፅ ጨርሶ ባይሰማም፣ ከፍ ያለው ድምፅ እንደማንኛውም ጆሮ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይረብሸዋል። እናት «እስቲ ጮክ በል» ይላሉ፤ ልጅ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ደግሞ «ምን ያስጮህሃል!» ብለው ይቆጣሉ። ቤተሰብ ይህን የእርጅና ጠባይ ያደርገዋል፤ ነገሩ ግን የጆሮው ነው። ስለዚህ ደህና መሣሪያ የጎደለውን ቀጭን ድምፅ ለይቶ ያነሣል፣ ዝቅተኛውን አጉልቶ ከፍተኛውን እንዳለ ይተወዋል። ይህን ለማድረግ ደግሞ የእያንዳንዱ ጆሮ ጉድለት የትኛው ድምፅ ላይ እንደሆነና ምን ያህል እንደሆነ መታወቅ አለበት። የልኬቱ ውጤት ኦዲዮግራም ይባላል፤ የቀረው ሁሉ በእሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

በአሜሪካ አንድ ጥንድ የመስሚያ መሣሪያ በባለሙያ ታዝዞ ሲገዛ ዋጋው በሺዎች ዶላር ይቆጠራል፤ ከ4,000 በላይ መክፈል ያልተለመደ አይደለም። አረጋውያን የሚታከሙበት መደበኛው ሜዲኬርም ወጪውን አይሸፍንም። ዋጋውን የሰቀለው የዕቃው ጥራት ብቻ አልነበረም፤ ገበያው በጥቂት አምራቾች እጅ መሆኑና የምርመራው፣ የማስተካከያው፣ የክትትሉ ክፍያ በአንድ ሒሳብ መጠቅለሉም አለበት። በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀናትና ዓመታትም እንዲሁ) በሴናተር ኤልዛቤት ዋረንና በሴናተር ቸክ ግራስሊ አቅራቢነት የወጣው ሕግ ለለውጥ በር ከፈተ። የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ዝርዝር ደንቡን በነሐሴ 2022 አወጣ፤ ከጥቅምት 17 ጀምሮም ቀላልና መካከለኛ የመስማት ችግር እንዳለባቸው የሚሰማቸው ዕድሜያቸው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች መሣሪያውን ያለ ሐኪም ማዘዣ ከሱቅ መግዛት ቻሉ።

እንደ አፕል ኩባንያ ኤርፖድ ያሉ የሙዚቃ ማዳመጫዎች ወደዚህ ገበያ የገቡት በጎን በር ነው። የውጭ ድምፅ የሚያፍን ኤርፎን ማፈን እንዲችል ውጩን የሚሰማ ማይክሮፎን፣ ድምፁን የሚያሰላ ቺፕና ትንሽ ድምፅ ማጉያ ሊኖረው ግድ ነው። የመስሚያ መሣሪያም አካሉ ይኸው ነው። ልዩነቱ በአብዛኛው በሶፍትዌሩ ነበር።

በ2022 የታይዋን ተመራማሪዎች ይህን ፈትነውታል። የመስማት ችግር ያለባቸው 21 ሰዎች አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ሰምተው እንዲደግሙ ተደረገ፤ ኤርፖድስ ፕሮ 10,000 ዶላር ከሚያወጣ ምርጥ መሣሪያና 1,500 ዶላር ከሚያወጣ ተራ መሣሪያ ጋር ተነጻጸረ። ጸጥ ባለ ክፍል ከተራው ጋር ተቀራረበ፤ ከምርጡ በጥቂቱ አነሰ። ጫጫታው ከጎን ሲመጣ ከምርጡም ጋር ተስተካከለ። ጫጫታውና ተናጋሪው ሁለቱም ከፊት ሲሆኑ ግን አልረዳም። ሠርግ ቤት የተቀመጠ ሰው ይህ የመጨረሻው ውጤት ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ጥናት አያስፈልገውም።

ከዚያ መስከረም 12 ቀን 2024 የአሜሪካው ባለሥልጣን የኤርፖድስ ፕሮ 2ን የመስሚያ ሶፍትዌር ፈቀደ። ከፈቃዱ በፊት በ118 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ መሣሪያውን በራሳቸው ያስተካከሉት ያገኙት ጥቅም ባለሙያ ካስተካከለላቸው ጋር የሚቀራረብ ነበር። ዕቃው ያኔ በአሜሪካ 249 ዶላር ይሸጥ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰውየው ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ኤርፖዱን ጆሮው ላይ በደንብ ይገጥማል፤ አይፎኑ ቀጭንም ወፍራምም ድምፆችን እየቀነሰ ያሰማል፤ ሰውየው ድምፅ በሰማ ቁጥር ስክሪኑን ይነካል። አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በመጨረሻ ለየጆሮው በዴሲቤል የተጻፈ ውጤት ይወጣል። ከ26 እስከ 40 ቀላል፣ ከ41 እስከ 60 መካከለኛ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይህ መሣሪያ አይበቃም። ክሊኒክ ውስጥ የተሠራ ኦዲዮግራም ያለው ሰውም ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ማስገባት ይችላል።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። የኤርፖድስ ፕሮ 2 ባትሪ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ የመስሚያ መሣሪያ ግን ከጠዋት እስከ ማታ እንዲለበስ የተሠራ ነው። ኤርፎን የጆሮን ቀዳዳ ስለሚደፍን የራስ ድምፅ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፤ ማኘክም ይጮሃል። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ መልኩ ሊሆን ይችላል። ጆሮ ላይ የተሰካ ኤርፖድ «አታናግሩኝ» ማለት ነው፤ ለቅሶ ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ አዛውንት ነጭ ኤርፖድ ሰክተው ቢቀመጡ ዘፈን የሚያዳምጡ ይመስላሉ። በሌላ በኩል የመስሚያ መሣሪያ «ደንቆሮ ሆነ» መባልን ፈርቶ መሳቢያ ውስጥ የሚከት ሰው ብዙ ነው፣ ኤርፖድ ግን የወጣት ዕቃ ነው። ኀፍረቱን የሚያቀልለት ሰው አለ፣ አለመከበር የሚመስልበትም አለ። ለቤተሰብ አስቀድሞ መንገር የመጀመሪያውን ቀን ያቀልላል።

አገልግሎቱ የሚከፈተው በየአገሩ ፈቃድ መሆኑም አይዘነጋም። በ2024 መጨረሻ ሕንድ ውስጥ ገና አልተከፈተም ነበር። በባንጋሎር ሦስት ወጣት መሐንዲሶች ለአያቶቻቸው ኤርፖድ ገዝተው ይህ ሲገጥማቸው፣ የአሉሚኒየም ፎይል የተጠቀለለበት ሳጥንና ማይክሮዌቭ ተጠቅመው የአካባቢውን ኔትወርክ አፈኑ፤ በምትኩ የካሊፎርኒያ ዋይፋይ ስሞችን አሰራጭተው መሣሪያው አሜሪካ ያለ እንዲመስለው አደረጉ። ሠራላቸው። ከውጭ አገር ኤርፖድ ገዝቶ ለወላጅ ሊልክ ያሰበ ሰው ግን እዚህ ድረስ ከመድረሱ በፊት አገልግሎቱ ተቀባዩ ባለበት አገር መከፈት አለመከፈቱን ቢያጣራ ይሻለዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ ኤርፖድ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉም ኤርፖድ አለመሆኑ ደግሞ የታወቀ ነው። በመልክ የሚመሳሰለው ርካሽ ቅጂ ሙዚቃ ያሰማል እንጂ ጆሮ አይለካም፣ በልኬት አያስተካክልም። በየገበያው «የጆሮ ማጉያ» እየተባሉ የሚሸጡ ርካሽ ዕቃዎችም አብዛኞቹ ሁሉንም ድምፅ በአንድ ላይ ስለሚያጎሉ፣ ከላይ የተነገረውን የ«ምን ያስጮህሃል» ችግር ያባብሱታል፤ ድምፁ ሲበዛ የቀረውንም ጆሮ ሊጎዱ ይችላሉ። አንድሮይድ ስልክ ለያዘ ሰው ጎግል በ2019 ያወጣው ሳውንድ አምፕሊፋየር የተባለ ነፃ መተግበሪያ አለ፤ በተራ ባለገመድ ኤርፎን ይሠራል። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ በተናጋሪው ፊት ሲቀመጥ እንደ ማይክሮፎን ያገለግላል። ቀኑን ሙሉ የሚለበስ መሣሪያ ባይተካም ቡና ላይ ለሚደረግ ጨዋታ ይጠቅማል።

ለልጆች ይህ ሁሉ አይሆንም፤ የልጅ ጆሮ የሐኪም ጉዳይ ነው። ለአዋቂም ቢሆን ጆሮ የማይሰማበት ምክንያት ሁሉ እርጅና አይደለም። የተከማቸ ኩክ ጆሮን ሊደፍን ይችላል፣ በባለሙያ ሲጸዳም ነገሩ ያልቃል፤ በክብሪት እንጨት መጎርጎር ግን ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። መግል የሚወጣው ጆሮ ላይ ኤርፎን መሰካት እርጥበቱን አፍኖ ኢንፌክሽኑን ያከብደዋል። አንዱ ጆሮ ብቻ ከደከመ፣ ሕመም ወይም ማዞር ካለ ምርመራ ይቀድማል። በአንድ ሌሊት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት የጠፋ የመስማት ችሎታ ደግሞ ድንገተኛ ሕክምና የሚያስፈልገው ነው፤ ሕክምናው ቶሎ ሲጀመር ነው የመዳን ዕድሉ ከፍ የሚለው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ለመስማት ችግር እገዛ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች 430 ሚሊዮን ናቸው፤ አብዛኞቹ የሚኖሩት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ነው። ለእነዚህ አገሮች 249 ዶላርና አይፎንም ርካሽ አይደሉም። ስለዚህ ለወላጁ ጆሮ ገንዘብ ያዘጋጀ ሰው መጀመሪያ ወላጁን የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ወስዶ ጆሮአቸውን ያስመርምር፣ የኦዲዮግራሙንም ወረቀት ተቀብሎ ያስቀምጥ፤ ዕቃው ከዚያ በኋላ ይመረጣል።