ከገበያ ያልተመለሰው

አያቴ፣ እቴቴ እያልን የምንጠራት፣ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ባሏን አልቅሳለች። ሦስቱንም ጊዜ መርዶውን ያረዳኋት እኔ ነኝ።

አባባ ካረፈ ስምንት ዓመት አልፎታል። ክረምት ነበር፤ የጉና ብርድ ደብረ ታቦርን ጨምድዶ ይዟታል። እቴቴ ጋቢዋን ደርባ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ፣ “አያትሽ ከገበያ አልመጣም እንዴ? ሊመሽ እኮ ነው” አለችኝ። “እቴቴ፣ አባባ እኮ ሞቷል” አልኳት። ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። ከሰዓት በኋላ ደግማ ጠየቀችኝ፤ ደግሜ ነገርኳት። ማታም እንዲሁ። ለቅሶዋ በየጊዜው አዲስ ነበር። በሦስተኛው እማዬ ከጓዳ ወጥታ፣ “መንገድ ላይ ነው እማ፣ ይመጣል” አለቻት። እቴቴ እንባዋን ጠርጋ ቆሎዋን ወደ መቆርጠም ተመለሰች።

እኔ ግን እማዬን ተቆጣኋት። “በዚህ ቤት መዋሸት ተጀመረ?” አልኳት። በዚያው ሳምንት በወጣቶች ኅብረት ስለ እውነት ያስተማርኩት እኔ ነበርኩ።

ጎረቤቶቻችን “ጃጅታለች” ይሉ ነበር። መንፈስ ነው ያሉም አልጠፉም። እኔ ራሴ አራት ጓደኞቼን ይዤ መጥቼ፣ እጃችንን ጭነን በታላቅ ድምፅ እየገሠጽን ጸልየንላታል። እቴቴ ጥግዋን ይዛ፣ “ልጆቼ፣ ምን አጠፋሁ?” አለች። መጸለያችንን ዛሬም አልነቅፍም። የማይረሳኝ ያ ጥያቄዋ ነው።

በመጨረሻ ባሕር ዳር ወሰድናት። ሐኪሙ በመጀመሪያ ደሟን አስመረመረ፤ የታይሮይድ እጢ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ከባድ ድብርትም ይህንኑ ሊመስሉ ይችላሉ፤ እነርሱ ደግሞ ሕክምና አላቸው። ከእነዚህ አንዱም አልተገኘባትም። ከዚያ ነው አልዛይመር የሚለውን ስም የሰማነው። ስሙ የመጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 የአንዲት ሟች ታካሚውን አንጎል መርምሮ ግኝቱን ለባልደረቦቹ ካቀረበው ጀርመናዊ ሐኪም፣ ከአሎይስ አልዛይመር ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ዲሜንሺያ ከሚባለው የአእምሮ መዳከም ጋር ይኖራሉ፤ ዋናው መንሥኤ አልዛይመር ነው። በአንጎል ውስጥ አሚሎይድና ታው የተባሉ ፕሮቲኖች ያለ ቦታቸው እየተጠራቀሙ ሕዋሳቱ ይሞታሉ። የሚፈውስ መድኃኒት እስካሁን የለም።

ሐኪሙ ከነገረን ሁሉ እኔን የመታኝ አንድ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር የሚመዘግበው የአንጎል ክፍል ነው፤ የጥንቱ ቆይቶ ነው የሚነካው። ለካ እቴቴ የነገርኳትን አልረሳችውም፤ መጀመሪያውኑ አልተመዘገበላትም። እኔ ያን ቀን እውነት ያልኩት እሷ ዘንድ የሚደርሰው እንደ ሐዘን ብቻ ነበር።

ስለ እማዬ ግን ማንም ሐኪም አልነገረንም። እቴቴ አንድ ሌሊት በሩን ከፍታ ወጣች። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ባሠሩባት በጋፋት መንገድ ላይ ባዶ እግሯን ስትሄድ ሰዎች አገኟት። “ቤቴ ልሄድ ነው” አለቻቸው፤ የተወለደችበት መንደር በዚያ አቅጣጫ ነው። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እማዬ በሩ ሥር ሰሌን አንጥፋ ትተኛለች። ብትተኛ ነው እንግዲህ። ቀን ታጥባታለች፣ ታጎርሳታለች፤ እቴቴም አንዳንዴ “ይቺ ሴትዮ ብሬን ሰረቀችኝ” ትላታለች። ልጇን! እማዬ ጓዳ ገብታ ሽንኩርት ስትከትፍ ዓይኗ የሚቀላው በሽንኩርቱ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ለወራት እሑድ ጉባኤ አልመጣችም። “እናትሽ ቀዘቀዘች እንዴ?” ብለው የጠየቁኝ ብዙ ነበሩ። “እኔ ልቀመጥላት፣ እሷ ትምጣ” ያለ አልነበረም። ልጇ እኔም መዝሙር ጥናት ላይ ነበርኩ።

አሁን ከኅብረታችን ሁለት እኅቶች ከእኔ ጋር ተራ ይዘን በየእሑዱ አንዳችን ከእቴቴ ጋር እንቀራለን። እማዬ በመጀመሪያው እሑድ ሄዳ ስብከቱን ሙሉ እንቅልፍ ወስዷት ተመለሰች። ይቅር ይበላት፤ ሰባኪውም ይቅር ይበላት!

ባለፈው እሑድ ተራው የእኔ ነበር። “አያትሽ ከገበያ አልመጣም እንዴ?” አለችኝ። ሞቷል አላልኳትም፤ ይመጣል ለማለትም አፌ አልታዘዝ አለኝ። “ምን ሊገዛ ነበር የሄደው?” አልኳት።

ፊቷ በራ። “ጨው። ለኔ ደግሞ ሻሽ። መቼም ቀለም አይመርጥም፤ ቀይ ብዬ ልኬው አረንጓዴ ይዞ ይመጣል” ብላ እስክትደክም ሳቀች። ስለ አባባ ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

እንቅልፍ ሲወስዳት የቆየ ሣጥኗን ከፈትኩት። ከሥሩ ሦስት ሻሾች ታጥፈው ተቀምጠዋል። ሦስቱም አረንጓዴ ናቸው።