ሌዘሩ የማይመልሰው ክራንቻ

«በሌዘር እናክማለን» የሚለው ጽሑፍ በጥርስ ክሊኒኮች ማስታወቂያ ላይ እየተለመደ መጥቷል። ስለዚህ ከጅግጅጋ፣ ከቶጎ ውጫሌ ወይም ከአውበሬ ጥርሱን ታሞ እስከ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ገና ከበሩ «ሌዘር አላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ አይገርምም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣና ረጅም መንገድ የሚያስኬድ ሕክምና ስለሆነ ግን መሣሪያው ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

ሌዘርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያበራው አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ቴዎዶር ማይማን ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1960። የጥርስ ተመራማሪዎች ብዙም ሳይቆዩ ሞከሩት። የዚያን ጊዜው የሩቢ ሌዘር ግን ጥርሱን ከመጠን በላይ እያጋለ ውስጡ ያለውን ነርቭ ለጉዳት ይዳርግ ነበር። ሥራው መልክ የያዘው ኤርቢየም የሚባለው ዓይነት ሲመጣ ነው፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1997 ጥርስ ለመቦርቦር እንዲውል ፈቀደው። የኤርቢየም ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 2,940 ናኖ ሜትር ነው፤ ይህን ብርሃን ደግሞ ውሃ አጥብቆ ይመጠዋል። የተበላ ጥርስ ከጤነኛው የበለጠ ውሃ ይይዛል። ብርሃኑ ሲያርፍበት ያ ውሃ በቅጽበት ይተንና ይፈነዳል፤ የተበላውንም ክፍል በደቃቁ እየፈነቀለ ያወጣዋል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ታካሚ የሚሰማው ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅና የውሃ ርጭት ነው፤ አጥንት ድረስ የሚዘልቀው የመሰርሰሪያው ንዝረት የለም። ብዙ ጊዜም ያለ ማደንዘዣ መርፌ፣ ወይም በጥቂት ማደንዘዣ ይሠራል። መርፌ ሲያይ ለሚጮህ ልጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ዳዮድ የሚባለው ሌላው ዓይነት ለድድ ሥራ ይውላል፤ እየቆረጠ ደሙን ስለሚያቆም ሐኪሙ ጥርት ባለ ቦታ ላይ ይሠራል።

የማይችለውም ብዙ ነው። የቆየ የብረት ሙሌት በሌዘር አይነሳም። ጥርሱ ላይ ድንጋይ ለሠራበት፣ ድዱ ለሚደማ ሰው ዋናው ሕክምና ዛሬም ጥርስን በደንብ ማሳጠብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የድድ ሐኪሞች አካዳሚ ማስረጃዎቹን መርምሮ ሌዘር በዚህ ላይ ሲጨመር የሚያመጣው ለውጥ አነስተኛ እንደሆነ አስታውቋል። እንግዲህ ሌዘር የለም ተብሎ ሕክምና የሚዘገይበት ምክንያት የለም። ጅግጅጋ ካራማራ ሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲው የሼክ ሐሰን ያባሬ ሪፈራል ሆስፒታል አሏት፤ መንገድ ከመጀመሩ በፊት እዚያው መመርመር ይቀድማል።

በሰሜን ሶማሌ ከተሞች ጥርስን መንከባከብ ከክሊኒክ ጋር የመጣ ልማድ አይደለም። ሶማሌው ዓዳይ የሚለው መፋቂያ በየገበያው በእስር በእስር ይሸጣል። ገዢው የጫፉን ልጣጭ በጥርሱ ይልጥና ያኝከዋል፤ ጫፉ ተበጣጥሶ ለስላሳ ጭረት ሲሆን ጥርሱን አንድ በአንድ ይፍቅበታል። ጭረቱ ሲያረጅ ያንን ጫፍ ቆርጦ ይጥልና ከአዲስ ይጀምራል። የስዊድኑ ካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳተሙት፣ መፋቂያው የሚገኝበት ተክል ሥር የድድ በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎችን የሚገድል ቤንዚል አይሶታዮሳያኔት የተባለ ንጥረ ነገር አለው። ሰው በእጁ የያዘው መፋቂያ በአግባቡ ከተሠራበት የማይናቅ መከላከያ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ልማድ ነው። ሕፃኑ ተቅማጥ ሲይዘው፣ ሲያተኩሰው፣ አልጠባም ሲል ድዱ ይታያል። ከ4 ወር ጀምሮ እስከ ዓመቱ ገደማ ክራንቻ የሚበቅልበት ቦታ ነጣ ብሎ ያብጣል፤ ይህ የማንኛውም ጤነኛ ሕፃን ድድ ነው። ሶማሌዎች ኢልኮ ዳዖዎ፣ የቀበሮ ጥርስ ይሉታል፤ የበሽታው ምንጭ እሱ ነው ተብሎ ስለሚታመን ድዱ በጋለ ምስማር ወይም በቢላ ተፈልፍሎ፣ ገና ያልጠነከረው የጥርስ እምቡጥ ይወጣል። ማደንዘዣ የለም። ደም መፍሰስና ቁስል ማመርቀዝ ይከተላል፤ ቴታነስም ሊመጣ ይችላል። ተቅማጡ ግን አይቆምም።

ይህ የሶማሌ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስል። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት የኢየሩሳሌም የጥርስ ሐኪሞች ተመሳሳይ ጉዳት ያገኙት ከኢትዮጵያ በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች አፍ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ እንግሊዝ ሼፊልድ ያሉ ሐኪሞች በሶማሌ ልጆች ላይ ያዩትን አሳተሙ፦ የጎደለ ክራንቻ፣ ቅርጹ የተበላሸ ቋሚ ጥርስ። ቋሚው ክራንቻ ከዓመታት በኋላ ብቅ ቢልም መሠራት የሚጀምረው በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ከወተት ጥርሱ ሥር ስለሚያድግ ምስማሩ እሱንም ያገኘዋል። ጉዳቱ የሚታየው ልጁ ዘጠኝና አሥር ዓመት ሲሞላው፣ ምክንያቱ ተረስቶ ካለቀ በኋላ ነው።

ለእንዲህ ያለው ልጅ ሌዘር ሊረዳ የሚችለው በከፊል ነው። ኢናሜሉ ሳስቶ ቶሎ የሚበላ ጥርሱን ያለ ንዝረት ያጸዳለታል፤ በጸዳው ቦታ ሐኪሙ ሙሌት ያደርግለታል። ተፈልፍሎ የወጣውን እምቡጥ ግን የትኛውም ብርሃን መልሶ አያበቅለውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በሕፃናት ላይ የሚፈጸሙ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ያስቀጣል፤ ነገር ግን ልጇ በተቅማጥ እየደከመባት ያለች እናት በዚያ ሰዓት የምትፈልገው አንቀጽ ሳይሆን መፍትሔ ነው።

መፍትሔው አለ፤ ርካሽም ነው። ኦአርኤስ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን የሚሰጥ ዚንክ፣ ጡት ሳያቋርጡ ማጥባት። ምክሩን ለማድረስም ልዩ ዘመቻ አያስፈልግም። ሕፃኑ በ9 ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ሲመጣ የድዱ እብጠት በዓይን የሚታይ ነው። የጤና ባለሙያዋ ከንፈሩን ከፍ አድርጋ፣ እናቱንም አብራት የመጣችውን አያቱንም ጠርታ፣ እብጠቱን በጣቷ ታሳያቸው፤ ጥርሱ ሕፃኑ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሲሆነው በራሱ እንደሚወጣ በሶማሊኛ ትንገራቸው።