ሳጥኑ ለማን ነው?

በዚህ የትምህርት ዓመት መጀመሪያ በአንድ ማደሪያ የምንኖር ስምንት ሴት ዕጩ መምህራን ትንሽ ማኅበር አቋቋምን። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ የታመመችን ማስታመም፣ ሳሙናና ሞዴስ ላጣች መድረስ፣ በትምህርት ወደኋላ የቀረችን ማስጠናት። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መረጥን። የወር መዋጮ 20 ብር፣ ለዘገየች መቀጮ 10 ብር፣ ሦስት ወር ላልከፈለች ስንብት። ደንቡን በደብተር ጽፈን ስምንታችንም ፈረምንበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ በማኅበራችን ኮራን።

የአንዳችን የአክስት ልጅ አሜሪካ አገር ኮሌጅ ትማራለች። አንድ እሑድ በስልክ ስናጫውታት «እኛም ዘንድ እኮ የሴት ተማሪዎች ማኅበር አለ፤ ሶሮሪቲ ይባላል» አለችን። ብዙዎቹ የሚጠሩት በግሪክ ፊደላት ነው። ጥቁር ሴት ተማሪዎች ከመሠረቷቸው የመጀመሪያው አልፋ ካፓ አልፋ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1908 በዋሺንግተን ከተማ በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። እዚያው እ.ኤ.አ. በ1913 22 ተማሪዎች ዴልታ ሲግማ ቴታን መሠረቱ፤ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላቸው ለሴቶች የመምረጥ መብት በተደረገው የዋሺንግተን ሰልፍ ተሰለፉ። አባልነቱ በምረቃ አያበቃም። ለመግባት ግን ጥሩ ውጤት ይጠየቃል፤ ገንዘብም ይከፈላል። «ክፍያው ከብዷቸው የሚቀሩ ልጆች አሉ፤ የእናንተስ?» ስትለን «የእኛማ የተቋቋመው ላጣች ነው!» ብለን አፋችንን ሞልተን መለስን።

በዚያው ሳምንት የማኅበሩ ስብሰባ ነበር። ከመካከላችን አንዷ ሦስት ወር መዋጮ አልከፈለችም። ጸሐፊያችን ደንቡን አነበበች። ልጅቷ ግን አልተከራከረችም። «ከደብተሩ ሰርዙኝ» አለች።

«ኧረ ምክንያቱን ንገሪን!»

ቆይታ ተናገረች። አባቷ የሚልክላትን ገንዘብ ከተማ ገብቶ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለሚማረው ታናሽ ወንድሟ የቤት ኪራይ ታደርገዋለች። ያን ጊዜ ሁላችንም አንድ ነገር ትዝ አለን። ለሳምንታት በውኃ ብቻ ስትታጠብ እያየን «ምነው?» ስንላት «ሳሙና ቆዳዬን ያሳክከኛል» ትለን ነበር፤ እኛም አምነናት ዝም አልን። ከእኛ አንዷ በታይፎይድ ስትታመም ግን ሦስት ሌሊት አጠገቧ የተቀመጠችው እሷ ነበረች።

ገንዘብ ያዣችን ሳጥኑን ከፈተች። ልጅቷ ጥቅምት ላይ ዘግይታ ስትከፍል የጨመረችው 10 ብር መቀጮ እዚያው ውስጥ ነበር። ሳሙና ላጣች እንድረስ ብለን ማኅበር አቁመን፣ ሳሙና ያጣችውን የሳሙና መግዣዋን ተቀበልናት! አፈርን።

ሆኖም ሁላችንም ወዲያው አልተስማማንም። «ደንብ ከላላ ማኅበሩም ይፈርሳል፤ ነገ ሁላችን አጣሁ ብንልስ?» ያለች ነበረች፤ አባባሏም ከንቱ አልነበረም። መብራት እስኪጠፋ ተከራከርን። በመጨረሻ መቀጮና ስንብት የሚለውን ሰረዝን። መክፈል ያቃታት ለገንዘብ ያዧ ብቻ ትንገራት፤ ሳሙናና ሞዴሱም መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፣ የቸገራት ሳትጠይቅ ታንሳ ተባለ። መዋጮው ከዚያ ወዲህ ትንሽ ቀንሷል፤ ማኅበሩ ግን አልፈረሰም።

እህታችን አሁንም ከመደርደሪያው የምታነሣው ሁላችን ከክፍል ስንወጣ ነው። አንፈርድባትም፤ ያን ቀን የተሰማትን እኛ ነን ያሰማናት።

ነገ በየክፍላችን ደብተር ሳይዝ የሚመጣ ልጅ አይጠፋም። «ረሳሁት» ይለን ይሆናል። ያን ጊዜ «ሳሙና ያሳክከኛል» የሚለውን ቃል እናስታውስ። ማኅበር ለማቋቋም ለምታስቡ እህቶቻችንም አንድ ምክር አለን፤ ደንባችሁን ከመፈረማችሁ በፊት ሳጥኑ ለማን እንደሆነ ተጠያየቁ።